መሣሪያው ዜሮ ያለው ቃል፦ በጎንደር የአንድ የሐበሻ ልብስ ሱቅ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

በ2017 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ አንዲት የሐበሻ ልብስ ሱቅ ባለቤት ከልጃቸው ጋር ፒያሳ ወዳለው የሥራ ቦታዬ መጡ። ልጅቱ በስልኳ አንድ ሪፖርት ይዛ ነበር። ሌላ ከተማ የሚሠራ የኤስኢኦ (ድረ ገጽ በጉግል ፍለጋ እንዲገኝ የማድረግ ሥራ) ባለሙያ በክፍያ ያዘጋጀው ነው። የቁልፍ ቃላት፣ ማለትም ሰው ጉግል ላይ የሚፈልግባቸው ቃላት፣ ሠንጠረዥ አለው። ከእንግሊዝኛዎቹ ቃላት ፊት ለፊት የፍለጋ ብዛታቸው ቁጥር ተጽፏል፤ ከአማርኛዎቹ ፊት ለፊት ግን ከላይ እስከ ታች ዜሮ ነው። ከሥሩ «በአማርኛ የሚፈልግ ገዢ ስለሌለ ሥራው በእንግሊዝኛ ብቻ ይቀጥል» የሚል ምክር ሰፍሯል።

ሴትዮዋን በዚህ ጽሑፍ እትዬ እላቸዋለሁ፤ ሱቅ ውስጥም የምጠራቸው እንዲሁ ነው። ልጃቸው ያን ምክር ስታነብላቸው «ታዲያ ቀኑን ሙሉ ስልኬን የሚያስጮኸው ሰው በምን ቋንቋ ነው የሚያወራኝ?» አሉ። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሥራ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነበር። የሱቁን ስም፣ ትክክለኛ ቦታውንና የሽያጩን መጠን በእሳቸው ፈቃድ ትቻቸዋለሁ።

ሱቁና ድረ ገጹ

ሱቁ ከቅዳሜ ገበያ ብዙም አይርቅም። ከፊት መሸጫው፣ ከኋላ ጥልፍ የሚጠለፍበት ክፍል ነው። እትዬ ጨርቁን ከሸማኔ ይረከባሉ፣ ጥለቱን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ስፌቱንና ጥልፉን ቤት ውስጥ ያሠራሉ። ዋናው ገቢያቸው ሠርግ ነው፦ የሙሽራ ልብስ፣ ካባ፣ የሚዜ ልብስ፣ ለቤተሰብ አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ቀሚስ። ጥር 11 ጥምቀት ካለፈበት ቀን አንስቶ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ሱቁ ፋታ የለውም። ጾሙ ሲገባ ይቀዘቅዛል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሣል።

ድረ ገጹን በ2014 ዓ.ም. ውጭ አገር ያለ የወንድማቸው ልጅ አሠርቶላቸዋል። ላየው ያምራል። ገጾቹን አንድ በአንድ ስከፍታቸው ግን ጽሑፍ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። የልብሱ ዓይነት፣ ዋጋው፣ ስልኩ፣ ሁሉም ለቴሌግራም በተሠሩ ፖስተሮች ላይ በምስል ተጽፎ ነው የተለጠፈው። የፍለጋ ሞተር ገጹ ስለ ምን እንደሆነ የሚረዳበት አንቀጽ ቀርቶ ርዕስ እንኳ አልነበረም፤ የሁሉም ገጽ ርዕስ የሱቁ ስም ብቻ ነው።

«ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ደግሞ የባሰ ነበር። ጽሑፉ ከድሮ ብሮሹር የተገለበጠ ሲሆን፣ ብሮሹሩ የተተየበው ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች በአንዱ ነው። እነዚያ ፎንቶች በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ የሚያስቀምጡ ናቸው። ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር አማርኛ ሆኖ ይነበባል፤ ስልክ ላይ ሲከፈት ግን የተዘበራረቀ ምልክት ነው። ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በየቢሮው በድሮው ፎንት ሲተየብ ስለኖረ፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ዛሬም በየድረ ገጹ ተደብቆ ይገኛል። እትዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ታሪካቸውን ማንም በማያነበው ምልክት ሲያስነብቡ ኖረዋል። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ዜሮው ምን ማለት ነበር?

ባለሙያው የዋሸ አይመስለኝም። መሣሪያው ያሳየውን ነው የገለበጠው። ስህተቱ የመሣሪያውን ዝምታ እንደ መልስ መውሰዱ ነው።

አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚፈለግ የሚገምተው መሣሪያ፣ የጉግል ኪይዎርድ ፕላነር፣ የተሠራው ለማስታወቂያ ገዢዎች ነው። የቋንቋ ዝርዝሩን ከእትዬ ልጅ ጋር ከፍተን አማርኛን ፈለግን፤ አላገኘነውም። ለማስታወቂያ ገንዘብ የማያወጣ ሰው ደግሞ ቁርጥ ያለ ቁጥር አያገኝም፤ ከ10 እስከ 100፣ ከ100 እስከ 1,000 የሚል ሰፊ ግምት ብቻ ይሰጠዋል። ጉግል ትሬንድስም የፍለጋ ብዛት አይነግረንም። ቃሉ ከፍተኛ የነበረበትን ጊዜ 100 አድርጎ ሌላውን ከዚያ አንጻር ይለካል። ዜሮ ሲያሳይም በራሱ በጉግል ማብራሪያ መሠረት «በቂ መረጃ የለም» ማለቱ ነው። ማንም አልፈለገም ማለቱ አይደለም። የራስን ድረ ገጽ በጉግል ማን ምን ብሎ ፈልጎ እንዳየው የሚያሳየው ሰርች ኮንሶል እንኳ ጥቂት ሰው ብቻ የጻፋቸውን ፍለጋዎች ለግላዊነት ሲል ከዝርዝሩ ያስቀራቸዋል። ጉግል በየቀኑ ከሚቀርቡለት ፍለጋዎች 15 በመቶ ያህሉ ከዚያ በፊት ታይተው የማያውቁ እንደሆኑም ደጋግሞ ተናግሯል። አማርኛን በመሰለ፣ አንዱ ቃል «የ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» እየተቀጠለበት መልኩን በሚለዋውጥ ቋንቋ፣ ፍለጋው ገና ከመነሻው የተበታተነ ነው። «የሙሽራ ልብስ»፣ «ለሙሽራ ልብስ» እና «የሙሽሮች ልብስ» ለሰው አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ለቆጣሪው መሣሪያ ግን ሦስት ናቸው።

ሁለተኛው ስህተት ግራፉ ላይ ነበር። ሪፖርቱ የሰርች ኮንሶልን ግራፍ አያይዞ «ፍላጎቱ ከዓመት በላይ ወርዷል» ይላል። ሰርች ኮንሶል ወደ ኋላ 16 ወር ያሳያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ግራፉ የወረደው የካባ ፍላጎት ስለቀረ አይደለም፤ የእትዬ ደንበኞች የሚፈልጉበት መስመር ስላልነበረ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ግራፉን እንዴት በትክክል ያነባል?

ባለሙያው መፍትሔ ብሎ ያቀረበው በማሽን የሚጻፉ መቶ ጽሑፎችን ነበር። ለናሙና አምስት በአማርኛ ልኳል። የአንደኛው ርዕስ «ለሙሽራ ገረዶች የሚሆኑ ምርጥ ቀሚሶች» ይላል። ሚዜ ለማለት ነው፤ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ተገልብጦ ነው እንዲህ የሆነው። ልጅቱ ጮክ ብላ ስታነበው እትዬ መርፌያቸውን አስቀመጡ። «ሚዜን ገረድ የሚል ማን ነው? ይህን ያየች የሙሽራ እናት ከእንግዲህ ደጄን ትረግጣለች?» አሉ። ጉግል ደረጃ ለማግኘት ብቻ በገፍ የሚመረት ይዘትን የሚከለክል መመሪያ በማርች 2024 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ለእኔ ግን ከመመሪያው ይልቅ የእትዬ ቃል በቂ ነበር፤ ጽሑፎቹን አልተቀበልንም።

ደብተሩ

መሣሪያዎቹን ለጊዜው ትተን አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዛን። ልጅቱ በጥቅምት ለሦስት ሳምንታት፣ በስልክ የተጠየቀችውን፣ በቴሌግራም የተላከላትንና ሱቅ የገባ ሰው ያለውን ሁሉ ሳታርም እንድትጽፍ ተስማማን። «ሳታርም» የሚለው ዋናው ነገር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ደንበኛው «ካባ ታከራያላችሁ?» ሲል እሷ «የካባ ኪራይ አገልግሎት» ብላ ትጽፍ ነበር። የሰውን ቃል ወደ ቢሮ አማርኛ መለወጥ ሳናውቀው የምናደርገው ነገር ነው። እንደገና እንዲጻፍ አደረግን።

ደብተሩ ሲያልቅ ሦስታችን ተቀምጠን አነበብነው። ድረ ገጹ ላይ በየፖስተሩ የሚገኘው «የባህል አልባሳት» የሚለው ሐረግ በደብተሩ ውስጥ አንድ ጊዜም የለም። ቴሌቪዥንና መሥሪያ ቤት የሚሉት ነው እንጂ ገዢ አይለውም። ገዢው የሚለው «የሀበሻ ቀሚስ»፣ «የሀበሻ ልብስ»፣ «የጥምቀት ልብስ»፣ «ለመልስ የሚሆን»፣ «ለክርስትና የሕፃን»፣ «ለስድስት ሚዜ አንድ ዓይነት» ነው። «በስንት ቀን ይደርሳል?» የሚለው ከዋጋ ጥያቄ ባላነሰ ይደጋገማል። «ደባርቅ ትልካላችሁ?» የሚልም አለ።

ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ግን «ኪራይ» ነው። እትዬ ካባ ያከራያሉ፤ ለዘመድና ለሚያውቋቸው ሰዎች እንደ ውለታ አድርገው ስለሚቆጥሩት ግን የትም አልጻፉትም። ካባ ለአንድ ቀን የሚለበስ ነገር ስለሆነ ብዙ ሙሽሮች መግዛት አይፈልጉም። በአንድ ቅዳሜ ብቻ በደብተሩ ላይ አምስት ጊዜ «ታከራያላችሁ?» የሚል ተጽፏል። ለዚህ ቃል ሪፖርቱ የሰጠው ቁጥር ዜሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ መሣሪያዎቹ የተመለስነው። እያንዳንዱን ሐረግ ስልክ ላይ ጀምረን ጉግል ራሱ ምን ብሎ እንደሚጨርሰው አየን፤ ያመጣቸውን ማሟያዎች ከደብተሩ ጎን ጻፍን። ትሬንድስን ለወቅት ብቻ ተጠቀምንበት። «ጥምቀት» የሚለው ቃል በየዓመቱ በጥር የሚያሳየው ጉልህ ጉብታ ለዚያ ይጠቅማል።

የፊደል ጉዳይ

ይህን ሰፋ አድርጌ የምጽፈው በውጭ አገር የኤስኢኦ መመሪያዎች ውስጥ ስለማይገኝ ነው። እትዬ የድሮ ትምህርት ያላቸው ሰው ናቸው። «ሠርግ» በንጉሡ ሠ፣ «ሐበሻ» በሐመሩ ሐ ካልተጻፈ ይቆጫሉ። ፖስተሮቹም እንዲሁ ነበሩ። ደብተሩ ግን ሌላ ነው የሚያሳየው፤ በቴሌግራም የሚጽፉት ደንበኞች አብዛኞቹ «ሰርግ» እና «ሀበሻ» ይላሉ፤ የስልኩ ኪቦርድ አስቀድሞ የሚያመጣውን ፊደል ይነካሉ።

በአማርኛ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ድምፃቸው አንድ ነው። ሰ እና ሠም እንደዚያው። ስለዚህ «የሐበሻ ሠርግ» የሚለውን ሐረግ ድምፁን ሳይለውጡ በአሥራ ሁለት መንገድ መጻፍ ይቻላል። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ እነዚህ ፊደላት የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ ሆነን «የሰርግ ልብስ ጎንደር» እና «የሠርግ ልብስ ጎንደር» ብለን ፈለግን። የመጣው ዝርዝር አንድ አልነበረም።

ምርጫው ከእትዬ ጋር ክርክር አስነሣ። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ በገጹ ርዕስና በመጀመሪያው አንቀጽ ሕዝቡ የሚጽፈው «ሰርግ» እና «ሀበሻ» ይገባል፤ በመሐል ባለው ገለጻ ደግሞ የእሳቸው «ሠርግ» እና «ሐበሻ» ይቀመጣል። እሳቸው ፊደሉን ማክበር ይፈልጋሉ፤ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን በአውራ ጣቷ የምትጽፍ ሙሽራ ሱቁን እንድታገኘው በሩን በእሷ አጻጻፍ መክፈት ነበረብን።

የተሠራው

በኅዳር ሥራው ተጀመረ። የፖስተሮቹ ጽሑፍ በሙሉ በዩኒኮድ ተተይቦ ገጽ ሆነ። ለየፍላጎቱ አንድ ገጽ ተሠራ፦ ካባ ኪራይ፣ የሙሽራ ልብስ፣ የሚዜ ልብስ፣ የክርስትና ልብስ። የኪራይ ገጹ ላይ ለስንት ቀን እንደሚሰጥ፣ መያዣው ምን እንደሆነ፣ ካባው ቢቆሽሽ ምን እንደሚደረግ ጻፍን። እነዚህን መልሶች እትዬ በቃላቸው ሲናገሩ ቀርጬ ነው ያሰፈርኳቸው፤ የጨመርኩት ነገር የለም። የገጾቹን አድራሻ ግን በላቲን ፊደል አደረግነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8፣ ዩኒኮድ በሚቀመጥበት ኮድ፣ ሦስት ባይት ነው፤ በሊንክ ውስጥ ደግሞ አንዱ ባይት በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ፣ ሊንኩ ተገልብጦ በቴሌግራም ሲላክ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለወጣል። አራት ቃል ያለው አድራሻ ስክሪኑን ይሞላዋል፤ ያየው ሰውም ቫይረስ ነው ብሎ አይከፍተውም።

የጉግል ካርታ ላይ ያለውን የሱቁን መረጃ ስንከፍት አንድ ያልጠበቅነው ነገር አገኘን። መክፈቻው 2:30፣ መዝጊያው 12:30 ተብሎ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ተሞልቷል። ጉግል ይህን ያነበበው በፈረንጅ ሰዓት ከሌሊቱ 2:30 እስከ እኩለ ቀን 12:30 ብሎ ነው። በዚህም ምክንያት ሱቁ በየቀኑ፣ በእኛ ከቀኑ 6:30 ጀምሮ፣ ገበያው በሞቀበት ሰዓት «ዝግ ነው» እየተባለ ይታይ ነበር። ማስተካከሉ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ፒያሳ የማውቃቸውን ሱቆች ስፈትሽ ይኸው ስህተት ሌሎችም ዘንድ አለ። ምልክቱም ሌላ ሰፈር ላይ ተተክሎ ስለነበር ወደ ቦታው አመጣነው። በአካባቢው ሰው መንገድ የሚጠቁመው በታወቀ ቦታ እንጂ በመንገድ ቁጥር ስላልሆነ፣ አቅጣጫውን ሰው እንደሚናገረው ጻፍን።

ልጅቱ ከዚያ ወዲህ ለሚደውል ሁሉ «ከየት አገኙን?» እያለች ምልክት ታደርጋለች።

የተሳካው

በመጀመሪያ ውጤት ያሳየው የካርታው ሰዓት ነው። በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ የሚደውሉ አዳዲስ ሰዎች መጡ። ቀጥሎ የኪራይ ገጹ ነው። በጥርና በየካቲት መጀመሪያ በደብተሩ ላይ «ጉግል» የሚል ምልክት የሌለበት ሳምንት የለም፤ ከእነዚያም አብዛኞቹ ኪራይ ጠያቂዎች ናቸው። እትዬ ሁለት ተጨማሪ ካባ ለኪራይ ብቻ አሰፍተዋል። ነጋዴ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ባየው ነገር ላይ ስለሆነ፣ ለእኔ ከማንኛውም ግራፍ በላይ የሚታመነው ማስረጃ ይህ ነው።

ካለፈው ዓመት ጋር አወዳድሬ «በዚህ ያህል እጥፍ አደገ» ማለት አልችልም። ባለፈው ዓመት ኢንተርኔቱ ተቋርጦ የቆየ ስለሆነ ማነጻጸሪያው የተሰበረ ነው። የደዋዩ ከፊሉ መስመሩ በመመለሱ ብቻ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ያልተሳካው

ከገጹ ግርጌ የቃላቱን አጻጻፍ በሙሉ፣ አሥራ ሁለቱንም፣ ደርድሬ ነበር። ይህ የእኔ ስህተት ነው። ለውጥ አላመጣም፤ ለሚያነብ ሰውም የሚያስቀይም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አጠፋሁት።

ስለ ፋሲል ግቢና ስለ ፋሲለደስ መዋኛ የጥምቀት አከባበር ረዘም ያለ ጽሑፍ በታኅሣሥ አወጣን። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ የጥምቀት በዓልም በ2019 ተከትሏል። ስለዚህ ፈላጊው ብዙ ነው። ጎብኚው በእርግጥ መጣ፤ በጥር የድረ ገጹ ከፍተኛው ቁጥር የዚህ ገጽ ነው። ግን ከዚያ ገጽ ተነሥቶ የደወለ አንድም ሰው በደብተሩ ላይ የለም። በጥር «ጥምቀት ጎንደር» ብሎ የሚፈልግ ሰው የሚሻው ቀኑን፣ ሆቴሉንና መንገዱን ነው። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ይህን ገጽ እንደ ትልቅ ስኬት ሪፖርት ላደርገው እችል ነበር።

የእንግሊዝኛ ገጾቹ አልተንቀሳቀሱም። እዚያ ውድድሩ ከውጭ አገር ትልልቅ ሻጮች ጋር ነው። ከእኔ በፊት በባለሙያው በኩል የተገዙት ባክሊንኮችም (ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ ሱቁ ገጽ የሚመሩ ሊንኮች) ከልብስ ጋር ምንም ግንኙነት ከሌላቸው ድረ ገጾች የመጡ ስለነበሩ ገንዘቡ ባክኖ ቀርቷል። ዲያስፖራው አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ ስለሚፈልግ ለዚያ አንድ ገጽ ሠራን። ጥያቄ መጣ፤ ክፍያና መላኪያው ስላልተፈታ ግን ሽያጭ አልሆነም። ያ የፍለጋ ችግር አይደለም።

ዘግይተናልም። በኅዳር የተጻፈ ገጽ ጉግል አውቆት እስኪያወጣው ጥምቀት ደርሷል። የጥር ሙሽራ ልብሷን የምታዘው ከጥቅምት ጀምሮ ስለሆነ፣ ገጹ በነሐሴ መውጣት ነበረበት።

ለሌላ ሥራ የሚያገለግለው

በአማርኛ የቁልፍ ቃል ጥናት ስሠራ ከእንግዲህ የምጀምረው ከመሣሪያ አይደለም። ደንበኛውን ከሚያነጋግረው ሰው፣ ስልክ ከሚያነሣው፣ መደርደሪያ ጋ ከሚቆመው ሰው ነው የምጀምረው። ፋርማሲም ይሁን ትምህርት ቤት ወይም ጋራዥ፣ ሦስት ሳምንት ያልታረመ ደብተር ማንኛውም የክፍያ መሣሪያ የማይሰጠውን ይሰጣል። መሣሪያው ቃሉን ከያዝን በኋላ ወቅትን ለማየት፣ የአጻጻፍ ልዩነትን ለመፈተሽና ገጻችን መታየቱን ለመከታተል ይጠቅማል።

ግራፍ ከማንበቤ በፊትም የአካባቢውን የዓመት ታሪክ እጽፋለሁ፤ መስመር የተቋረጠበት፣ መንገድ የተዘጋበት፣ ጾም የገባበትን። ሪፖርት ለደንበኛ ስሰጥ ደግሞ «ዜሮ» ብዬ አልጽፍም፤ «መሣሪያው አላየውም» ብዬ እጽፋለሁ። አንዲት ሴት የሙያ ዕድሜዋን ሙሉ ያናገረችውን ደንበኛ «የለም» ማለት ከባድ ነገር ነው፤ በዚያ ቃል ላይ ተመሥርቶ የሚወጣው ገንዘብም የእሷ ነው።

የካርታውን ሰዓት በመጀመሪያው ቀን መፈተሽም ከዚህ ጉዳይ ወዲህ የማልዘለው ሥራ ሆኗል።

አሁን ያለበት

ከፋሲካ በኋላ ላለው የሠርግ ወቅት ሁለተኛው ደብተር ተከፍቷል። አዲስ ነገር እየታየበት ነው። «ቬሎ ከካባ ጋር ታከራያላችሁ?» የሚሉ ደዋዮች በዝተዋል፤ ለሠርጉ ቀን ቬሎ፣ ለመልሱ ካባ በአንድ ቦታ ለመጨረስ የሚፈልጉ ናቸው። እትዬ ቬሎ የላቸውም። ሁለት በር አልፎ ካለችው የቬሎ አከራይ ጋር ግን ተነጋግረዋል፤ መያዣውን ማን ይይዛል በሚለው ላይ ገና አልተስማሙም። እስኪስማሙ ድረስ ገጹን አልጻፍኩትም።